የሩም ዳታቤዝን ስልክ ላይ እንዴት ቴስት እናደርጋለን

ጅማ ሆናችሁ ለቡና ሰብሳቢዎች አፕ የምትሰሩ ልጆች፣ ሩምን (አንድሮይድ አፕ ዳታውን ስልኩ ላይ የሚያስቀምጥበትን ላይብረሪ) ቴስት ማድረጉን አደራ እንዳትዘሉት። ገጠር ሲገባ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ሚዛኑ መጀመሪያ የሚመዘገበው ስልኩ ላይ ነው፣ ሌላ ቅጂ የለውም። እኔ አንዴ ሳልቴስት አፕዴት ለቅቄ የሶስት ቀን መዝገብ ድምጥማጡ ጠፋ፣ የጠፋው ደግሞ ገበሬው ተሸክሞ ያመጣው ኪሎ ነው።

መጀመሪያ ግሬድል ፋይሉ (አፑ እንዴት እንደሚገነባ የሚጻፍበት) ላይ የሩም ቴስቲንግንና የአንድሮይድኤክስ ቴስት ራነርን ጨምራችሁ ሲንክ በሉት። ቴስቱን "አንድሮይድ ቴስት" የሚለው ፎልደር ውስጥ ጻፉት፣ ሩም ከስሩ ያለው ኤስኪውላይት (አንድሮይድ ውስጥ ያለው ዳታቤዝ) ስለሆነና ቨርዥኑ በየአንድሮይዱ ስለሚለያይ እውነተኛ ስልክ ላይ መሞከሩ ይሻላል። ራሙ ትንሽ በሆነ ላፕቶፕ ኢሙሌተር (ኮምፒውተር ላይ የሚከፈት የስልክ አምሳያ) አትክፈቱ፣ ስልኩ ሴቲንግ ገብታችሁ ቢልድ ነምበርን 7 ጊዜ ንኩት፣ ዴቨሎፐር ኦፕሽን ሲመጣ ዩኤስቢ ዲበጊንግን አብርታችሁ በኬብል ሰኩት።

ከዛ ከየቴስቱ በፊት ዳታቤዙን ኢንሜሞሪ አድርጋችሁ ክፈቱ፣ ሲያልቅ ዝጉት፣ ራም ላይ ብቻ ስለሆነ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል፣ ቀጣዩ ቴስት ከባዶ ይጀምራል። 42 ኪሎ እሸት ቡና አስገብታችሁ መልሳችሁ አንብቡ፣ 42 ከመጣ አለፈ።

ስምም ቴስት አድርጉ። አንዱ መዝጋቢ "መሐመድ" ሌላው "መሀመድ" ብሎ ይጽፋል፣ ለኛ አንድ ነው ለኤስኪውላይት ግን ሐ እና ሀ ጭራሽ የማይገናኙ ፊደሎች ናቸው፣ ስለዚህ ፍለጋው ባዶ ይመልሳል። እኔ ፊደሎቹን ወደ አንድ አይነት ቀይሬ ለፍለጋ ብቻ በሌላ ኮለም አስቀምጣለሁ።

ዋናው ግን ማይግሬሽን ነው፣ ማለትም የዳታቤዙ ቅርጽ ሲቀየር የድሮውን መዝገብ ወደ አዲሱ ማሻገር። ኤክስፖርት ስኪማን (የቴብሎቹን ቅርጽ ወደ ፋይል የሚያወጣውን) ገና ከቨርዥን 1 ጀምሮ አብሩት፣ የሚወጣውን የጄሰን ፋይል ጊት ላይ አስቀምጡ። በማይግሬሽን ቴስት ሄልፐር የቨርዥን 1 ዳታቤዝ ፍጠሩ፣ አንድ መዝገብ አስገቡ፣ ወደ 2 አሻግሩት፣ መዝገቡ እንዳለ እዩ። ዲስትራክቲቭ ማይግሬሽን የሚለውን ፎልባክ ግን አትንኩት፣ ማይግሬሽን ሲያጣ ሁሉንም ቴብል አጥፍቶ ነው እንደ አዲስ የሚጀምረው፣ የኔንም ሶስት ቀን የበላው እሱ ነው።

ለማስኬድ ከክላሱ አጠገብ ያለችውን አረንጓዴ ሶስት ማዕዘን ተጫኑ፣ ቀይ ከመጣ ኤክስፔክትድ እና አክቹዋል የሚሉትን አወዳድሩ። ሁሉንም በአንዴ በግሬድል ኮኔክትድ አንድሮይድ ቴስት ስታስኬዱ ግን ሲጨርስ አፑን ከስልኩ አንኢንስቶል ያደርገዋል፣ ዳታውም አብሮ ይሄዳል፣ ስለዚህ እውነተኛ ሚዛን የተመዘገበበትን ስልክ እንዳትሰኩ።