ስዊች ራክ ላይ ከመስቀላችሁ በፊት መብራቱን እዩት

የኔትወርክ ስዊች (የቢሮውን ኮምፒውተሮች በኬብል የሚያገናኘው ሳጥን) ራክ ላይ፣ ማለትም ዕቃው የሚታሰርበት የብረት መደርደሪያ ላይ፣ መስቀል ራሱ ከባድ አይደለም። አራት ብሎን ነው። ችግሩ የሚመጣው ከኤሌክትሪኩ፣ ከኬብሉና ሴቭ ካልተደረገ ኮንፊግ (የስዊቹ ቅንብር) ነው። ስለዚህ ካርቶኑን ከመክፈታችሁ በፊት ሶኬቱ ጋ ሂዱ።

በቴስተር ለኩት፤ ካልለመዳችሁት ኤሌክትሪሺያን ይለካላችሁ። በፋዝና (መብራቱን በሚያመጣው ሽቦ) በኒውትራል (በመመለሻው ሽቦ) መካከል 220 ቮልት አካባቢ መምጣት አለበት። በፋዝና በኧርዝ (ከመሬት ጋር በሚያገናኘው የመከላከያ ሽቦ) መካከልም እንደዚያው። ይሄ ሁለተኛው ካልመጣ ኧርዙ የለም ወይም የሆነ ቦታ ተቆርጧል፣ ሶኬቱ የኧርዝ ቦታ ስላለው ብቻ አትመኑት። ኧርዙ ሳይስተካከል ሥራ አትጀምሩ፤ የራኩ ብረት ራሱም በአረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ከኧርዝ ጋር ይታሰር። ስዊቹን በቀጥታ ዲቫይደር ላይ አትሰኩ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ዕቃ የሚያቃጥልበት አገር ነው ያለነው፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ግዴታ ነው። ከባድ ስለሆነም ቦታው የራኩ ታች ነው።

አሁን ወደ መስቀሉ። ራኩ 19 ኢንች ስፋት አለው፣ አንድ ዩ (የራክ ከፍታ መለኪያ) ደግሞ 44.45 ሚሊ ሜትር ከፍታና በየጎኑ ሦስት ቀዳዳ ነው። በግራና በቀኝ ቀዳዳዎቹን ከታች ጀምራችሁ ቁጠሩና በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ አንድ ቀዳዳ ብትሳሳቱ ስዊቹ ይንጋደዳል። ኬጅ ነቶቹን (ራኩ ቀዳዳ ውስጥ ገብተው ብሎኑን የሚይዙትን ዳዶዎች) በጠፍጣፋ ካቻቪቴ አስገቡ፤ ጣት ይቆርጣሉ፣ ተጠንቀቁ። የስዊቹን ጆሮዎች (በሁለቱ ጎኑ የሚገጠሙትን ማያዣ ብረቶች) አብረውት በመጡት ትንንሽ ብሎኖች ብቻ እሰሩ። ከዚያ አንድ ሰው ይያዝላችሁና መጀመሪያ የታችኞቹን ብሎኖች፣ ቀጥሎ የላይኞቹን አጥብቁ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ካቢኔት ከሆነ ጥልቀቱን ቀድማችሁ ለኩ፣ ከኋላ የፓወር ኬብሉ መታጠፊያ ቦታ ይፈልጋል። ክፍሉ ውስጥ ግድግዳ እየተበሳ ከሆነ ደግሞ ስዊቹን አታብሩት፣ ፋኑ አቧራውን በሙሉ ወደ ውስጥ ይስበዋል።

ኬብል ላይ አትሰስቱ። ገበያ ላይ ርካሽ የሆነው ብዙውን ጊዜ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ሽቦውን በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መልሱት፣ በተለይ ካሜራ ወይም ስልክ በፒኦኢ (መብራቱን በዚያው የኔትወርክ ኬብል በመላክ) የምታበሩ ከሆነ። ርዝመቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 100 ሜትር አይለፍ። በሁለቱም ጫፍ የቀለሙ አቀማመጥ አንድ ይሁን፣ በሁለቱም ጫፍ ቁጥር ለጥፉ። ቁጥሩን "በኋላ እለጥፈዋለሁ" ያለ ሰው ሲለጥፍ አላየሁም።

ኮንፊጉን ሲስኮ ካታሊስት 2960 ላይ ላስረዳ፣ ብዙ ቢሮ ስላለ። ኮንሶል ኬብሉን (ስዊቹን ለማዘዝ ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኘውን) ላፕቶፑ ላይ ሰክታችሁ ፑቲ የሚባለውን ፕሮግራም በ9600 ፍጥነት ክፈቱ። ስም ስጡት፣ ጠንካራ ፓስወርድ አድርጉለት፣ ቪላኖቹን (አንዱን ስዊች ለየብቻ ኔትወርክ የሚከፋፍሉትን) ፍጠሩ፣ ለማኔጅመንት አይፒና ጌትዌይ (ወደ ሌላ ኔትወርክ የመውጫ አድራሻ) ስጡት። ከርቀት ለመግባት ኤስኤስኤች (የሚላከውን ሸፍኖ የሚያስገባውን መንገድ) ብቻ ክፈቱ፤ ሌላው መንገድ ቴልኔት ፓስወርዳችሁን ሳይሸፍን ነው የሚልከው። ኮምፒውተር የሚሰካባቸው ፖርቶች ላይ ፖርትፋስትና (ፖርቱ ሳያስጠብቅ ቶሎ እንዲሠራ የሚያደርገውን) ቢፒዲዩ ጋርድ (ሌላ ስዊች ወይም ዞሮ የተመለሰ ኬብል ሲሰካ ፖርቱን የሚዘጋውን) አብሩ። አንድ ሰው ወለል ላይ የወደቀ ኬብል አግኝቶ ሁለቱንም ጫፍ ግድግዳው ላይ ባሉት የኔትወርክ ሶኬቶች ቢሰካ የቢሮው ኔትወርክ በሙሉ ሊቆም ይችላል፣ ይሄ ጥበቃ ግን ያንን ፖርት ብቻ ይዘጋል።

ከዚያ ሴቭ። ራይት ሜሞሪ የሚለውን ትዕዛዝ በየመሀሉ ስጡት። አንድ ጊዜ ሙሉ ጠዋት ፖርቶቹን በየቪላናቸው ስመድብ ቆይቼ፣ ዩፒኤሱ ገና ስላልመጣ፣ ምሳ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፤ ስመለስ የመደብኩት ሁሉ ጠፍቶ ነበር። ከሰዓቱ እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር ሆነ።

ስትጨርሱ የስዊቹን ፓወር ራሳችሁ ንቀሉት። መልሳችሁ ሰኩት፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ሁሉም ፖርት እንደነበረ መምጣቱን እዩ። የትኛው ፖርት የት ክፍል እንደሚሄድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ የካቢኔቱ በር ውስጠኛው ጎን ላይ ለጥፉ። ፓስወርዱን ግን እዚያ አትጻፉ፤ በታሸገ ፖስታ ለኃላፊው ስጡት።