ኩባንያው ሌሊት ጥገና አድርጎ ጠዋት ኢንተርኔት ለጠፋባችሁ፦ የኬብል ሞደም ችግርና መፍትሄ

ይሄን የምጽፈው አሜሪካ ሆነው ኢንተርኔታቸው በቲቪ ኬብል ለሚመጣላቸው ነው፣ ያ ከግድግዳ ወጥቶ ሞደሙ (ኢንተርኔቱን ከኬብሉ የሚቀበለው ሳጥን) ጀርባ ላይ በብሎን የሚጠብቀው፣ መሀሉ አንዲት ሽቦ ያለችው ወፍራም ኬብል ማለቴ ነው። ፋይበር ወይ በሲም የሚሰራ ያላችሁ የእናንተ ጉዳይ ሌላ ነው።

ባለፈው ወር አክስቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቤቷ ደወለችልኝ፣ «ማታ ደህና አምሽቶ ጠዋት ስነሳ ኢንተርኔቱ የለም» አለችኝ። ከሁለት ቀን በፊት ኩባንያው በሰፈራችሁ የመስመር ማሻሻያ እናደርጋለን ብሎ ቴክስት ልኮላት ነበር። ስትደውልላቸው ደግሞ ከእኛ በኩል ሁሉም ነገር ደህና ነው፣ ሞደምሽ አርጅቷል አዲስ ግዢ አሏት፣ እሷም ወደ 200 ዶላር ልታወጣ ቦርሳዋን አንስታ ነበር። ሞደሙ ግን ምንም አልሆነም። ብዙ ሰው እንደዚህ ነው ጤነኛ ሞደም የሚጥለው፣ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት እባካችሁ ይሄን አንብቡ።

መጀመሪያ ጥገናው ማለቁን አረጋግጡ። ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው የሚሰሩት ግን ይዘገያል። በስልካችሁ ዳታ የኩባንያው አፕ ላይ ገብታችሁ እዩ፣ በተጨማሪ በዛው ኩባንያ የሚጠቀም ጎረቤት ካለ ጠይቁ፣ እሱም ቤት ኢንተርኔቱ ከጠፋ ምንም አትንኩ ጠብቁ።

ኢንተርኔቱ ጎረቤት ቤት ካለና እናንተ ቤት ከሌለ ወደ ሞደሙ መብራቶች ሂዱ። ሞደም ሲነሳ በተራ ነው የሚሰራው፦ መጀመሪያ ከኩባንያው የሚመጣውን ሲግናል ይፈልጋል (ዳውንስትሪም)፣ ካገኘ በኋላ ወደ እነሱ መልሶ ይልካል (አፕስትሪም)፣ ከዛ አድራሻና ሴቲንግ ተቀብሎ ኦንላይን ይሆናል። መብራቱ እንደየሞደሙ አይነት ይለያያል ግን ቅደም ተከተሉ ያው ነው፣ የቱ ላይ ሲበራ ሲጠፋ እንደቀረ ካወቃችሁ ችግሩ የት እንዳለ ግማሹን አወቃችሁ ማለት ነው።

መብራቱ ሁሉ ደህና ነው ግን ኢንተርኔት የለም

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ራውተሩ (ዋይፋይ የሚያሰራጨው ሳጥን) የድሮውን አድራሻ ይዞ መቅረቱ ነው። ሞደሙንም ራውተሩንም ከሶኬት ንቀሉ፣ ሞደማችሁ የቤት ስልክም የሚያሰራ ከሆነ ውስጡ ባትሪ ሊኖረው ስለሚችል እሱንም አውጡ አለበለዚያ አልጠፋም። አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይታችሁ ሞደሙን ብቻ ሰኩት፣ የኦንላይን መብራቱ ሳይርገበገብ ቀጥ ብሎ እስኪበራ ጠብቁ፣ ራውተሩን ከዛ በኋላ። ሁለቱን አንድ ላይ መሰካት ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

አሁንም እምቢ ካለ ራውተሩን ተዉትና ኮምፒውተር በላን ኬብል በቀጥታ ሞደሙ ላይ ሰኩ፣ ግን ሞደሙ መጀመሪያ ያየውን ዕቃ ብቻ ስለሚያውቅ ዕቃ በቀየራችሁ ቁጥር ሞደሙን ማጥፋትና ማብራት አለባችሁ። ከዛ የኮምፒውተሩን አይፒ (ኔትወርክ ላይ ያለውን የቁጥር አድራሻ) እዩ፦ በ169.254 ከጀመረ ከማንም አድራሻ አላገኘም፣ በ192.168.100 ከጀመረ ደግሞ የሰጠው ሞደሙ ራሱ ነው፣ ማለትም ከኩባንያው ጋር ገና አልተገናኘም። አካውንትህን አክቲቬት አድርግ የሚል ገጽ ብቻ ከመጣ ሞደማችሁ ከእነሱ ሲስተም ላይ ወጥቷል፣ ስር ያለው ስቲከር ላይ ያለውን ማክ አድራሻ (የሞደሙን መለያ ቁጥር) ይዛችሁ ደውሉና እንደገና ያስገቡት።

የዳውንስትሪም መብራት እየርገበገበ ቀረ

ሞደም ድሮ የሚያውቀውን ፍሪኩዌንሲ ነው መጀመሪያ የሚሞክረው፣ ጥገና ላይ ቻናሎቹን ቦታ ካቀያየሩ እዛ ሲሄድ ባዶ ያገኛል፣ ከዛ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው መፈለግ ይጀምራል፣ ይሄ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። በየሶስት ደቂቃው የምትነቅሉት ከሆነ ፍለጋውን ከዜሮ ነው የምታስጀምሩት። ግማሽ ሰዓት ተዉት። ካልሆነ ከኋላ ያለችውን ቀዳዳ በወረቀት ክሊፕ 30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ሪሴት አድርጉት፣ ራውተርም ሞደምም የሆነ አንድ ዕቃ ከሆነ ግን የዋይፋይ ስምና ፓስዎርዳችሁ ይጠፋል፣ አስቀድማችሁ ጻፉት።

ከዚህ በኋላም ምንም ካላገኘ ሲግናሉ ቤታችሁ አልደረሰም ማለት ነው። ውጭ ባለው ሳጥን የእናንተን መስመር ነቅለው ሳይመልሱት ቀርተው ሊሆን ይችላል፣ ለዛ ቴክኒሻን ካልመጣ መፍትሄ የለውም።

አፕስትሪም ላይ ይቀራል፣ ወይ ኦንላይን ሆኖ በየሰዓቱ ይቆረጣል

የአክስቴ ችግር ይሄ ነበር፣ ኩባንያዎቹም ቶሎ ሞደም ግዙ የሚሉት እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተር ላይ ብራውዘር ከፍታችሁ 192.168.100.1 ብላችሁ ጻፉ፣ አብዛኛው ሞደም ኢንተርኔት ባይኖርም የሲግናል ገጹን ያሳያችኋል፣ ፓስዎርድ ከጠየቀ ስቲከሩ ላይ አለ። ሶስት ነገር ብቻ እዩ። ዳውንስትሪም ፓወር ከ -7 እስከ +7 መሀል ቢሆን ጥሩ ነው። ኤስኤንአር (SNR፣ ሲግናሉ ከረብሻው ምን ያህል እንደሚበልጥ) የሚለው ከ33 በላይ ይሁን። አፕስትሪም ፓወር ከ35 እስከ 49 መሀል ከሆነ ሰላም ነው፣ ከ50 ካለፈ ሞደሙ እየጮኸ ነው፣ ሩቅ ላለ ሰው ጉሮሮው እስኪደርቅ እንደሚጣራ ሰው ማለት ነው። ሎጉ (ሞደሙ የገጠመውን የሚመዘግብበት ዝርዝር) ላይ ደግሞ ቲ3 ቲ4 (T3፣ T4) የሚል ከተደረደረ ሞደሙ ተጣርቶ መልስ አላገኘም። ቀኑ 1970 ቢላችሁ አትደንግጡ፣ ሰዓት የሚያገኘው ከኩባንያው ስለሆነ እስኪገናኝ ድረስ እንደዛ ነው የሚጽፈው።

አክስቴ ጋ አፕስትሪም ፓወሩ 51 ነበር። ኬብሉን ስከተለው ከቲቪው ጀርባ ሶስት መውጫ ያለው ስፕሊተር (አንዱን ኬብል የሚያከፋፍል ትንሽ ብረት) አገኘሁ፣ አንዱ ለሞደሙ፣ አንዱ ለድሮ ቲቪ ቦክስ፣ አንዱ መጨረሻው ላይ ምንም ያልተሰካበት መኝታ ቤት የሚሄድ። የሞደሙ መውጫ ላይ 7 ዲቢ (dB፣ የሲግናል መለኪያ) ይላል፣ ማለትም ሲግናሉ ወደ ሞደሙ ሲመጣም ከሞደሙ ሲወጣም እዛች ብረት ላይ 7 ዲቢ ይቀንሳል። ብሎኑን ስፈታው ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይዟል፣ መሀሉ ያለችው ሽቦም ጠቁራለች። ስፕሊተሩን አውጥቼ ከግድግዳ የሚመጣውን በትንሽ ማገናኛ ቀጥታ ከሞደሙ ኬብል ጋር ገጠምኩት፣ በጣት ካጠበቅኩ በኋላ በመፍቻ ትንሽ ጨመርኩለት። ሲነሳ 44 ሆነ፣ ከዛን ቀን ወዲህ አልተቆረጠም።

«ታዲያ እስከ ትላንት እንዴት ሰራ?» አለችኝ፣ ጥያቄዋ ልክ ነው። ስፕሊተሩ ለአመታት እየጎዳው ነበር ግን ሞደሙ ጮኾም ቢሆን ይደርስ ነበር፣ ጥገናው መስመሩ ላይ ያለውን የሲግናል ልክ ትንሽ ሲቀይረው ያቺ የቀረችው ትርፍ አለቀች። ሌላም አለ፣ ኩባንያዎች አሁን ወደ ላይ የሚላክበትን (የአፕስትሪሙን) ፍሪኩዌንሲ ከ42 ሜጋኸርዝ ወደ 85 ወይ 204 እያሰፉት ነው፣ ቤታችሁ ውስጥ የድሮ ሲግናል ማጉያ ካለ ወደ ላይ ሲላክ ከ42 በላይ ስለማያሳልፍ አዲሶቹን ቻናሎች ይዘጋቸዋል። በኤሌክትሪክ የሚሰራ ትንሽ ሳጥን ኬብሉ መሀል ካያችሁ አውጥታችሁ ሞክሩ።

ይሰራል ግን ፍጥነቱ ወረደ

በዋይፋይ ሳይሆን በላን ኬብል ለኩ። በላንም ከወረደ ሞደማችሁ ዶክሲስ (DOCSIS፣ የኬብል ሞደም ደረጃ) 3.0 ወይስ 3.1 እንደሆነ እዩና ኩባንያው ለፓኬጃችሁ ከሚቀበላቸው ዝርዝር ጋር አስተያዩ። ዝርዝሩ ላይ ከሌለ ያኔ አዲስ መግዛት ተገቢ ነው።

ስትደውሉ «ኢንተርኔት አይሰራም» ብቻ አትበሉ፣ እንደገና ሪስታርት አድርግ ይሏችኋል። «ስፕሊተር የለም፣ ሪሴት አድርጌያለሁ፣ አፕስትሪም ፓወር ይሄን ያህል ነው፣ ሎጉ ላይ ቲ3 አለ፣ የጀመረው ከጥገናው ሌሊት ነው» በሉ፣ ገጹንም በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። ቴክኒሻን ከመምጣቱ በፊት ክፍያ እንዳለው ጠይቁ፣ ኢንተርኔት ያልነበረባቸውን ቀናትም ከቢሉ ላይ እንዲቀንሱላችሁ ጠይቁ። አክስቴ የአራት ቀን ተቀንሶላታል።