የራክ ፒዲዩ ችግሮች፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ራክ (ሰርቨሮች የሚደረደሩበት መደርደሪያ) ውስጥ የሚፈጠር የኃይል ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚዘራው ፒዲዩው፣ ማለትም ኃይሉን ለሰርቨሮቹ የሚያከፋፍለው ባለ ብዙ ሶኬት ዕቃ፣ በተመረጠበት ቀን ነው። ዕቃው ደህና ሆኖ ምርጫው ስለተሳተ ብቻ ሰርቨሮች ሲጠፉ ደጋግሜ አይቻለሁ። ስለዚህ ከታች ካሉት ምልክቶች አንዱ ሲገጥማችሁ ሌላ ፒዲዩ ከማዘዛችሁ በፊት ለኩ።

አንዱ መስመር ጠፋ፤ ራኩ በሙሉ ተከተለው

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው፤ ሁለት መስመር የተዘረጋው እኮ ይህ እንዳይሆን ነበር። ሰርቨሩ ሁለት ፓወር ሰፕላይ አለው፤ አንዱ ፒዲዩ ኤ ላይ፣ ሌላው ፒዲዩ ቢ ላይ ይሰካል። በደህናው ጊዜ ሁለቱ ጭነቱን ይካፈላሉ። ሁለቱም ፒዲዩዎች ባለ 32 አምፒር ናቸው እንበል፤ ኤ 24፣ ቢም 24 ያሳያሉ። ለየብቻ ላያቸው ሰው ገና ቦታ ያላቸው ይመስላሉ። ኤ ሲጠፋ ግን 48ቱም አምፒር ቢ ላይ ይወድቃል። ብሬከር (ጭነት ሲበዛ ወርዶ መስመሩን የሚቆርጠው መከላከያ) እንዲህ ያለውን ትርፍ ጭነት የሚያውቀው በሙቀት ስለሆነ ወዲያው ላይወርድ ይችላል፤ ጥቂት ይታገስና «ተረፍን» ብለን ፊታችንን ካዞርን በኋላ ይወርዳል።

መፍትሄው የሁለቱን ንባብ ደምሮ ማየት ነው። ድምሩ ከአንዱ ፒዲዩ አቅም 80 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ለ32 አምፒር 25.6፣ በየጎኑ 12.8 ማለት ነው። ለረጅም ሰዓት ለሚቆይ ጭነት 80 በመቶን ወሰን ያደረገው የሰሜን አሜሪካ አሠራር ነው፤ እኔ ግን የትም ቢሆን ከዚህ አላልፍም። ድምሩ ካለፈ ወይ ሰርቨር ወደ ሌላ ራክ ይዛወር፣ ወይ ከፍ ያለ መስመርና ፒዲዩ ይግባ። ገመዶቹንም በእጃችሁ ተከታተሉ። የአንድ ሰርቨር ሁለት ገመዶች አንድ ፒዲዩ ላይ ተሰክተው፣ ወይም ኤ እና ቢ ከአንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚተካ ዕቃ) የሚነሱ ሆነው መገኘታቸው ብርቅ አይደለም። ከዚያ በኋላ፣ ሁሉም በሚያውቀው የጥገና ሰዓት ኤን ሆን ብሎ አጥፍቶ መፈተን ነው። አንድ ፓወር ሰፕላይ ብቻ ያላቸው ዕቃዎች ካሉ፣ ከሁለቱም መስመር ተቀብሎ አንዱ ሲጠፋ ወደ ሌላው የሚያዞር ትራንስፈር ስዊች ያስፈልጋቸዋል።

ይህን ሁሉ ማድረግ የሚቻለው ፒዲዩው ከረንት የሚያሳይ ከሆነ ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ ተብሎ ለሰርቨር ራክ መለኪያ የሌለው ፒዲዩ መግዛት ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ።

ጠቅላላው ጭነት ትንሽ ነው፤ ብሬከሩ ግን ይወርዳል

ሁለት ነገር ፈትሹ። ባለ 32 አምፒር ፒዲዩ ብዙውን ጊዜ ሶኬቶቹ በሁለት ይከፈሉና ለየክፍሉ ባለ 16 አምፒር ብሬከር ይኖረዋል። ከባዶቹ ሰርቨሮች ሁሉ ከላይ ስለተሰኩ ብቻ ላይኛው 18 አምፒር ሲሸከም ታችኛው 4 ላይ ይቀራል። ግማሹን ወደ ታች ማዛወር ይበቃል።

ሁለተኛው የፌዝ፣ ማለትም ኃይሉ የሚመጣባቸው ሦስት ሽቦዎች ጭነት፣ አለመመጣጠን ነው። በ400 ቮልት ባለ ሦስት ፌዝ 32 አምፒር ፒዲዩ 22 ኪሎዋት ገደማ ይሰጣል፤ በ230 ቮልት ባለ አንድ ፌዙ 7.4 ኪሎዋት ብቻ። ነገር ግን 22ቱ የሚገኘው ሦስቱም ፌዞች እኩል ሲጫኑ ነው። አንዱ 33፣ ሌሎቹ 9 እና 6 ከተሸከሙ፣ ሁለቱ ባዶ መሆናቸው የመጀመሪያውን አያድነውም። አዲስ ስትገዙ ፌዞቹ በየሶኬቱ የሚፈራረቁበትን ምረጡ፤ ከላይ ወደ ታች በተርታ ስትሰኩ ጭነቱ በአመዛኙ ይመጣጠናል።

መብራት ሲመለስ ይወርዳል

ሰርቨሮቹ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ይነሳሉ፤ ፓወር ሰፕላዮቹ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ሲሞሉ ለአፍታ ከፍተኛ ከረንት ይስባሉ። ሶኬቶቹን በየተራ የሚያበራ ፒዲዩ እዚህ ላይ ዋጋውን ያወጣል፤ ኔትወርክና ስቶሬጅ ይቅደሙ፣ ሰርቨሮቹ በሰከንዶች ልዩነት ይከተሉ። እንዲህ ያለው ፒዲዩ ከሌላችሁ፣ ኃይል ሲመለስ ዘግይቶ መነሳትን ከሰርቨሩ ባዮስ (የማስነሻ ቅንብር) ላይ ማስተካከል ይቻላል።

ጭነት ሳይበዛ፣ ቀጠሮ ሳይኖረው ይወርዳል

ብሬከሩ አርሲዲ መሆኑን እዩ። አርሲዲ የሚከታተለው ወደ መሬት የሚያፈተልከውን ከረንት ነው። የፓወር ሰፕላይ ማጣሪያ በጤናው እስከ 3.5 ሚሊአምፒር ሊያፈስ ይችላል፤ ዘጠኙ ሲደመሩ ባለ 30 ሚሊአምፒሩን አርሲዲ ያልፋሉ፤ እንዲያውም ድምሩ 30 ሳይደርስም አርሲዲው ሊወርድ ይችላል። አንድም ዕቃ ሳይበላሽ ማለት ነው። ጭነቱን በበርካታ መስመሮች መክፈል ወይም የመስመሩን ጥበቃ መቀየር የኤሌክትሪክ ባለሙያ ውሳኔ ነው። የግራውንድ ሽቦ ነቅሎ «ተስተካከለ» የሚል ሰው ካያችሁ አስቁሙት፤ የሰው ሕይወት ነው።

ሶኬቱ ይሞቃል፣ ፕላስቲኩ ይጠቁራል

ወይ ሶኬቱ ላልቷል፣ ወይ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል። በዓለም አቀፉ ደረጃ ሲ13 የሚባለው የሶኬት ዓይነት የሚችለው 10 አምፒር ነው፤ ሲ19 ደግሞ 16። ፒዲዩ ስትመርጡ የሶኬቱን ብዛት ብቻ አትቁጠሩ፤ እንደ ብሌድ ሻሲና ጂፒዩ ሰርቨር ላሉ ብዙ ኃይል ለሚስቡ ዕቃዎች ስንት ሲ19 እንዳለው እዩ። የጠቆረውን ገመድ ብቻ መቀየር አይበቃም፤ የተቃጠለ ሶኬት አዲሱንም ገመድ ያቃጥላል፣ ሶኬቱም ከአገልግሎት ይውጣ። ገመዱ በንዝረት ወይም በእጅ ንክኪ የሚላላ ከሆነ መቆለፊያ ያለው ገመድ ይግዙ።

ስክሪኑ ይጠፋል፣ ንባቡ ይቋረጣል

ቁም ፒዲዩ የሚሰቀለው ከራኩ ኋላ፣ ሰርቨሮቹ ትኩስ አየር በሚተፉበት በኩል ነው። እስከ 45 ዲግሪ ብቻ የሚችል ፒዲዩ ጭነት በበዛበት ራክ ውስጥ ይቸገራል፤ እስከ 60 ዲግሪ የሚችለውን ምረጡ።

ማንም ሳይነካው አንድ ሰርቨር ጠፋ

ሶኬቶቹ ከርቀት የሚጠፉ ከሆነ መጀመሪያ የፒዲዩውን መዝገብ ክፈቱ። አንድ ሰው የሶኬት ቁጥር ተሳስቶ ይሆናል፤ ወይም ከፋብሪካ የመጣው የይለፍ ቃል ሳይቀየር ቀርቷል። ለየሶኬቱ የሰርቨሩን ስም ስጡ፣ የይለፍ ቃሉን ቀይሩ፣ ፒዲዩውን ለአስተዳደር ብቻ በተለየ ኔትወርክ ላይ አስቀምጡ።