ጅማ ውስጥ የድሮ ቤት ጣሪያ ለማስቀየር ላሰባችሁ፦ ወጪው፣ ፈቃዱ፣ አናጢው

ሂርማታ፣ መርካቶ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ እዛ አካባቢ የድሮ ቤት ውስጥ የምትኖሩ ወይ የወረሳችሁ፣ ዘንድሮም ክረምቱን ሳፋና ባልዲ ደርድራችሁ ካለፋችሁት ይሄ ለናንተ ነው። ሰው ጣሪያ ላስቀይር ሲል መጀመሪያ ሚጠይቀው "ቆርቆሮ ስንት ገባ" ነው። ጥያቄው ልክ ነው ግን ተራው አሁን አይደለም፣ የድሮ ቤት ላይ ብሩን ሚበላው ቆርቆሮው ሳይሆን ከስሩ ያለው እንጨት፣ ያላለቀ ወረቀትና ጣሪያው ተከፍቶ እያለ ሚመጣ ዝናብ ነው።

ስለዚህ ከወረቀቱ እንጀምር። ቤቱ በማን ስም ነው? ካርታው በራሳችሁ ስም ከሆነ ቀላል ነው፣ ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ፣ መታወቂያ ይዞ መሄድ ነው። ጅማ ላይ ብዙ ግዜ ሚያጋጥመው ግን ካርታው በሟች አባት ወይ በአያት ስም ሆኖ ስድስት ወንድምና እህት ያለበት ቤት ነው፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ አረብ አገር፣ ቤቱ ውስጥ ሚኖረው ደግሞ ታናሽየው። እንደዚህ ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጡ፣ ወጪውን ማን እንደሚችልና ወደፊት ቤቱ ቢሸጥ እንዴት እንደሚታሰብ በጽሁፍ ተስማሙ። ወንድማማች ነን ምን ችግር አለው ማለት ጣሪያው እስኪያልቅ ድረስ ነው ሚሰራው።

የቀበሌ ቤት ከሆነ ሌላ ጨዋታ ነው። በ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ (47/1967) የተወረሱት ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬም የመንግስት ናቸው፣ መርካቶ አካባቢ ያሉት ባለ በረንዳ የድሮ ሱቆችም ውስጥ እንደዚህ አይነት አሉ። እናንተ ተከራይ ናችሁ፣ አርባ አመት ብትኖሩበትም ተከራይ ናችሁ፣ ስለዚህ ጣሪያውን መንካት ሚቻለው አከራዩ መስሪያ ቤት በደብዳቤ ሲፈቅድ ብቻ ነው። "ወጪው ከኪራዩ ይታሰብልሃል" ብሎ በቃል የነገራችሁ ሰው ካለ ያንኑ በማህተም እንዲያደርግላችሁ ጠይቁት፣ ካላደረገው አይታሰብም ብላችሁ ነው በጀት መያዝ ያለባችሁ።

ወደ ፈቃዱ ስንመጣ ሁለት ሕግ አለ፣ ሰው ሁሌ ያደባልቃቸዋል። አንዱ የሕንፃ ነው። የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ (624/2001) ሕንፃዎችን ምድብ ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ ከፍሎ ነበር የመጣው፣ ተራው ባለ አንድ ወለል መኖሪያ ቤት ሀ ውስጥ ነበር ሚገባው፣ ፎቅ ያለው ወደ ለ ሊሄድ ይችል ነበር፣ ትልልቁና ሕዝብ ሚገለገልበት ሐ፣ አሁን የናንተ ቤት በየትኛው እንደሚታይ ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ። ተራ ቤት ሚጠየቀው ነገር ቀለል ያለ ነው ግን ያለ ፈቃድ አፍርስ ስራ ማለት አይደለም። እዚህ ጋ ሚጠቅማችሁ ነገር ማመልከቻው ላይ ያለው ቃል ነው። ቆርቆሮውን በቆርቆሮ፣ የበሰበሰውን ማገር በማገር ምትተኩ ከሆነ "ጥገና" ነው፣ እንደዛ ብላችሁ ጻፉ። ጣሪያውን ከፍ ላድርገው፣ ቆጥ ላውጣለት፣ በረንዳውን ወደ ክፍል ልቀይረው ካላችሁ ግን ያ ማሻሻያ ነው፣ ፕላን ሊጠየቅ ይችላል፣ ቆጥ ለማውጣት አስባችሁ "ጥገና" ብላችሁ ጽፋችሁ ደግሞ መሃል ላይ ተቆጣጣሪ ቢመጣ ጣሪያው ተከፍቶ ስራው ይቆማል፣ ከዚህ የባሰ ኪሳራ የለም። ማመልከቻው በኦሮምኛ ቢሆን ነው ሚሻለው፣ መጻፍ ካልቻላችሁ ጽህፈት ቤቱ ደጃፍ ላይ ያሉት ጸሃፊዎች ይጽፉላችኋል።

ሁለተኛው የቅርስ ሕግ ነው። በ1992ቱ አዋጅ (209/1992) መሰረት ቅርስ በሆነ ቤት ላይ ማንኛውም የጥገናና የእድሳት ስራ ከመጀመሩ በፊት የቅርስ ባለስልጣኑ መፍቀድ አለበት፣ የግል ንብረታችሁም ቢሆን። የድሮ ቤት ሁሉ ግን የተመዘገበ ቅርስ አይደለም፣ በ1928 እና በ1933 መሃል ጣልያን የሰራው ሁሉ በራሱ ቅርስ ነው ማለት አይቻልም። ስለዚህ የከተማው ባህልና ቱሪዝም ሄዳችሁ "ይሄ ቤት ተመዝግቧል ወይ" ብላችሁ በጽሁፍ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሁፍ ተቀበሉ። ብዙ ሰው ይሄን ሚፈራው ከተመዘገበ ችግር ውስጥ ገባሁ ብሎ ነው። እዛው አዋጅ ውስጥ ግን የጥገናው ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ ከሆነ መንግስት ከፊሉን ሊሸፍን ይችላል ሚል አለ። ሊሸፍን ይችላል ማለት ይሸፍናል ማለት አይደለም፣ ሳይጠየቅ ግን በጭራሽ አይመጣም።

እግረ መንገዳችሁን ደግሞ ማዘጋጃ ቤት ስትገቡ ቤታችሁ ያለበት መንገድ ኮሪደር ልማት ውስጥ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሚነካ ከሆነ ሸራ አልብሶ አንድ አመት መጠበቅ ነው እንጂ ሚፈርስ ቤት ላይ አዲስ ጣሪያ ማን ይሰራል።

እሺ አሁን ወደ ላይ እንውጣ። ፀሃይ በቀትር ሲሆን መብራቱን አጥፍታችሁ በኮርኒሱ ቀዳዳ ግቡ (ኮርኒሱ አቡጀዴ ከሆነ ጥጉን ቀደድ አድርጉት፣ ለማንኛውም ሚቀየር ነው) እና ዝም ብላችሁ ወደላይ እዩ። ብርሃን ሚያበራበት ሁሉ ዝናብ ሚገባበት ነው፣ ፎቶ አንሱት። ከዛ ካቻቢቴ ያዙና እንጨቱን ውጉት፣ በተለይ ጫፉን፣ ግድግዳው ላይ ያረፈበትንና አሸንዳው አጠገብ ያለውን። ካቻቢቴው ጫፉ ብቻ ገብቶ ከቆመ ደህና ነው፣ ሰተት ብሎ ከገባ ሞቷል። ከእንጨቱ ስር እንደ ዱቄት ያለ ነገር ተዘርግፎ ካያችሁ ነቀዝ ነው፣ በግድግዳው ላይ ወደላይ ሚሄድ የጭቃ መስመር ካያችሁ ደግሞ ምስጥ፣ እሱ መሬት ላይ ካልታከመ አዲስ እንጨት ብታስገቡለትም ደስ ብሎት ይበላዋል።

አናጢዎች ይሄን ሲሰሙ አይወዱም ግን ልንገራችሁ፣ የድሮውን እንጨት ቶሎ አታስጥሉ። በድሮ ጅማ ቤቶች ውስጥ ዝግባ፣ ቀረሮ፣ ዋንዛ ማግኘት ብርቅ አይደለም፣ ዛሬ ዝግባና ዋንዛ ቆርጦ መሸጥ በሕግ የተገደበ ነው፣ ገበያ ላይ ምታገኙት ባብዛኛው እርጥብ ባህር ዛፍ ነው፣ እርጥብ ባህር ዛፍ ደግሞ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ምስማሩን ይለቃል፣ ጣሪያው በሁለተኛው አመት ይጎብጣል። አንድ ካፕሪያታ (ጣሪያውን ሚሸከመው ባለ ሶስት ማዕዘን የእንጨት አጽም) ጫፉ ብቻ ከበሰበሰ ጫፉ ተቆርጦ በጎንና በጎኑ ጣውላ ታስሮ በቡሎን ይያዛል፣ ሙሉውን ማውረድ አያስፈልግም። "ሁሉንም አውርደን በአዲስ እንስራው" ሚል አናጢ ሲመጣ የትኛው እንጨት ለምን እንደማይሆን አንድ በአንድ በእጁ እያሳየ ያስረዳችሁ። ባህር ዛፍ መግዛት ግድ ከሆነ አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ጥላ ስር አድርቁት።

የጣሪያውን ተዳፋትና ታዛውን አትንኩ። ይሄ ለቁንጅና ብቻ አይደለም። ጅማ በአመት ወደ 1500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው ሚወርድባት፣ 100 ካሬ ጣሪያ ላይ ሲሰላ 150 ሺህ ሊትር ውሃ ማለት ነው፣ ግድግዳው ደግሞ ጭቃ ነው። ቆርቆሮ ለመቆጠብ ታዛውን ከ70 ሳንቲም ወደ 20 ያሳጠረ ሰው በሁለት ክረምት የግድግዳውን እግር ያጣል፣ ጅሬን ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተመንግስት በረንዳ ብታዩ የድሮ ሰው ይሄን በደንብ ያውቅ እንደነበር ይገባችኋል። አሸንዳ አድርጉ፣ ውሃውን ከግድግዳው አርቁ፣ ወደ ጎረቤት ግድግዳ ግን አትልቀቁ። ታዛው ጫፍ ላይ እንደ ጥልፍ የተቆረጠ የእንጨት ጌጥ ካለ ከመውረዱ በፊት ፎቶ አንሱት፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ከጀርባው በማርከር ቁጥር ጻፉበት፣ ደረቅ ቦታ አስተኝታችሁ አስቀምጡ። እንደገና ሚሰራው ሰው ብታገኙም ዋጋው አይቀመስም።

አሁን ቆርቆሮ። ጌጅ ሚሉት ነገር ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፣ 28 ጌጅ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፣ 30 ወደ 0.3፣ 32 ወደ 0.25፣ 35 ደግሞ ከዛም የሳሳ። 35ን ለአጥር ተዉት። ለመኖሪያ 28 ነው ሚመከረው፣ ካልተቻለ 30፣ 32 ካደረጋችሁ ማገሩን ማጠጋጋት አለባችሁና በቆርቆሮው ያተረፋችሁትን በእንጨት ትከፍሉታላችሁ። ኢጋ (ቀለም የተቀባው ረጅሙ ቆርቆሮ) በፈለጋችሁት ርዝመት ስለሚቆረጥ መደራረብ ይቀንሳል፣ ግን የድሮ ቤት ፊት ላይ ደማቅ ሰማያዊ ኢጋ ስታደርጉ ቤቱ ምን እንደሚመስል ራሳችሁ ፍረዱ፣ የተመዘገበ ቤት ከሆነ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት አይነቱንና ቀለሙን አስፈቅዱ። ቤቱ ሸክላ ቴጎላ ከሆነ ደህና ደህናውን ከኋላ በኩል ካለው ሰብስባችሁ ፊት ለፊቱን ሙሉበት፣ ከኋላ ቆርቆሮ ይሁን። ቴጎላ በካሬ ከ40 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ 28 ጌጅ 4 ኪሎ አይሞላም፣ ስለዚህ ከቴጎላ ወደ ቆርቆሮ ስትቀይሩ እንጨቱ ይቀለዋል ግን ንፋስ እንዳያነሳው ከግድግዳው ጋር በብረት ይታሰር። ከቆርቆሮ ወደ ቴጎላ ግን አይታሰብም።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። 10 በ8 ሜትር ቤት፣ ታዛው በየጎኑ 60 ሳንቲም ቢሆን 11.2 በ9.2፣ ወደ 103 ካሬ። ተዳፋቱ 20 ዲግሪ ከሆነ በ1.06 አባዙት፣ 110 ገደማ፣ 30 ዲግሪ ከሆነ በ1.15። ባለ 2 ሜትሩ ቆርቆሮ ሲደራረብ በትክክል ሚሸፍነው ወደ 1.44 ካሬ ነው፣ ስለዚህ 110 ለ1.44 ሲካፈል 76 ከምናምን፣ 77 ቆርቆሮ። ጣሪያው አራት ፊት ከሆነ ማዕዘኑ ላይ ሚቆረጠው ስለሚበዛ 10 ፐርሰንት ጨምሩ፣ 85። አናጢው 110 ቆርቆሮ ካላችሁ ሌላው የት እንደሚገባ ይንገራችሁ። ዋጋውን በአንድ ቀን ሶስት ሱቅ ጠይቁ፣ ጌጁን ስም ጠርታችሁ፣ ከቫት ጋር ነው ወይስ ያለ ቫት ብላችሁ፣ 15 ፐርሰንት ቀልድ አይደለም። ሌላው ሚረሳው ወጪ፦ የጣሪያ አናት መክደኛ፣ ባለ ጎማ ምስማር፣ አሸንዳ፣ ሸራ፣ ኮርኒስ፣ የመብራት ገመድ ማውረጃና መመለሻ (አናጢ እንዳይነካው!)፣ የቆሻሻ ማንሻ። ከዛ ላይ ለማይታይ እንጨት ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ አካባቢ ለብቻ አስቀምጡ።

ኤተርኒት (ከሲሚንቶ የተሰራው ግራጫ የጣሪያ ክዳን) ያለበት ቤት ያላችሁ እዚህ ቁሙ። የድሮው ኤተርኒት አስቤስቶስ አለበት፣ ሲሰበርና ሲቆረጥ ሚወጣው ብናኝ የሳንባ ካንሰር ያመጣል፣ ጣልያን ራሷ በኛ አቆጣጠር በ1984 ከልክላዋለች። ካልተሰነጠቀና ካላፈሰሰ መተው ይሻላል። መነሳት ካለበት በውሃ አርሱት፣ ምስማሩን እየነቀላችሁ ሙሉውን አውርዱ፣ በመዶሻ አይሰበር፣ በመጋዝ አይቆረጥ፣ ከላይ አይወርወር፣ ሰራተኛው ኤፍ ኤፍ ፒ 3 (FFP3) ሚሉትን ደቃቅ ብናኝ ሚያጣራ ማስክ ያድርግ፣ ያቺ ሰማያዊ የሃኪም ማስክ ምንም አትሰራም። በወፍራም ፕላስቲክ ጠቅልላችሁ የት እንደሚጣል ማዘጋጃውን ጠይቁ። ለዶሮ ቤት ይሆናል ብሎ ሚወስድ ጎረቤት ቢመጣ እምቢ በሉት። ልጆች ካሉ ያን ቀን ቤት አይዋሉ።

ግዜውን በተመለከተ ጅማ ላይ በጋው አጭር ነው፣ ከህዳር እስከ የካቲት፣ መጋቢት ላይ ሰማዩን ማመን የለም። ህዳር ላይ ደግሞ ጉልበት ሰራተኛው ቡና ለቀማ ይሄዳል፣ የቀረውም ይወደዳል፣ ስለዚህ ከታህሳስ መጨረሻ እስከ ጥር ነው ጥሩው። ረመዳን አሁን አሁን የካቲት አካባቢ ስለሆነ ጾሞ በቀትር ቆርቆሮ ላይ ሚወጣ አናጢ አታስቸግሩ፣ ከፈጅር በኋላ ጀምሮ ከቀትር በፊት ቢያቆም ስራውም ያምራል። ጣሪያው በአንዴ ሙሉ አይከፈት፣ ግማሹ ተከድኖ ነው ሌላው ሚነሳው፣ ሸራው ደግሞ ስራው ሳይጀመር ግቢ ውስጥ ይቀመጥ። የጭቃ ግድግዳ አንድ ሌሊት ቢዘንብበት ወጪው ከጣሪያው ይበልጣል።

ስራው ላይ ሁለት ነገር በአይናችሁ ተከታተሉ። ምስማር ሚመታው ከሞገዱ ጀርባ ላይ ነው፣ ሸለቆው ውስጥ ከተመታ ያፈሳል። አሮጌና አዲስ ቆርቆሮ ደግሞ አንድ ረድፍ ላይ አይቀላቀልም፣ ሞገዱ አይገጥምም። አሮጌው ላይ አዲስ ደርቡበት ሚል ካለም አትስሙ፣ የበሰበሰውን እንጨት ሸፍኖ መክፈል ነው።

ውሉ ይጻፍ፣ ምስክር ይኑር፣ ክፍያው በስራው ልክ በሶስት ይከፈል፣ የመጨረሻውን እጅ ከመጀመሪያው ደህና ዝናብ በኋላ ብታደርጉት አናጢው ራሱ ይጠነቀቃል። ውሉ ላይ የሚወርደው አሮጌ ቆርቆሮና እንጨት የማን እንደሆነም ጻፉ፣ ካልተጻፈ ማታ ላይ ቆራሌው ጋር ነው ሚገኘው። የቀበሌ ቤት ከሆነ ደግሞ አሮጌው ንብረትም የመንግስት ነው፣ ቆጥራችሁ አስረክባችሁ ደረሰኝ ያዙ።