ድንጋዩ ውሃ ያሳልፍ፦ የጨው ውሃ አኳሪየም ችግርና መፍትሄ ለደብረ ብርሃን ጀማሪዎች

የሰሜን ሸዋ ሰው ድንጋይ መካብ ያውቃል። ከመንዝ እስከ አንኮበር ጥሩ ካብ የሚባለው በትልልቁ ድንጋይ መካከል ያለው ክፍተት በጠጠር ተደፍኖ ነፋስ የማያስገባው ነው። በጨው ውሃ አኳሪየም ውስጥ ግን ይህ ሙያ ይገለበጣል። ደብረ ብርሃን ላይ ኮራል የሚባለውን የባሕር እንስሳ ማሳደግ ከጀመሩ ሰዎች የምሰማው ችግር ሲመረመር አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው እዚያው ነው፦ ድንጋዩ በዝቷል፣ ተጠጋግቷል፣ ውሃ አያሳልፍም።

ሕያው ድንጋይ የሚባለው ቀዳዳ የበዛበት፣ በአብዛኛው የኮራል አጽም የሆነ ድንጋይ ነው። በቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። ይህን የሚሠሩት ግን ውሃና ኦክስጅን ሲደርሳቸው ነው። ስለዚህ አደራደሩ ከውበት በፊት የጤና ጉዳይ ነው።

ዓሣው ጠዋት ጠዋት ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል

የመጀመሪያው ጥርጣሬ በሽታ ይሆንና መድኃኒት ፍለጋ ይኬዳል። በእኛ አካባቢ አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት ኦክስጅን ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ወደ 30 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ በውሃ ውስጥ ሊሟሟ የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ ሙቀት ያለው የባሕር ውሃ ምጽዋ ላይ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ቢችል፣ እዚህ 4.8 አካባቢ ላይ ያበቃል። ሌሊት መብራቱ ሲጠፋ አልጌውም ኦክስጅን ማምረቱን ያቆምና ራሱ ተጠቃሚ ይሆናል። ጎሕ ሲቀድ መጠኑ የመጨረሻው ዝቅታ ላይ የሚደርሰው ለዚህ ነው። የባሕር ዳርቻ ሰው የጻፈው መመሪያ ይህን አይነግረንም፤ ለእርሱ የሚበቃው የድንጋይ ክምር ለእኛ ይበዛል።

መፍትሄው ከድንጋዩ ይጀምራል። ለ100 ሊትር ገንዳ ከ6 እስከ 10 ኪሎ ቀዳዳማ ድንጋይ ይበቃል። የክምሩ ጫፍ ከውሃው ፊት ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ ከዚያ በላይ ከወጣ ላይኛው ውሃ በነጻነት አይንቀሳቀስም። በበጋ ደግሞ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይተናል። የጎደለውን በየቀኑ ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ይሙሉ፤ ጨው አይተንምና ጨዋማ ውሃ ከጨመሩ ጨውነቱ እየከረረ ይሄዳል። አንዱን ፓምፕ ወደ ውሃው ፊት አቅንተው ገጹ ሌሊቱን ሙሉ እንዲናወጥ ያድርጉ። ለስላሳ ኮራል ላለበት 100 ሊትር ገንዳ በሰዓት በድምሩ ከ1,000 እስከ 2,000 ሊትር የሚገፉ ፓምፖች ተገቢ ናቸው።

ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ሁለት ነገር አብሮ ይቆማል፤ ፍሰቱና ሙቀቱ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከማንኛውም ጌጥ በፊት ይገዛ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የገንዳውን ጎኖች በብርድ ልብስ ይሸፍኑ፣ ላዩን ግን ለአየር ክፍት ይተዉት። ሙቅ ውሃ የተሞላ፣ በደንብ የተከደነ ጠርሙስ ውሃው ላይ ማንሳፈፍም ይረዳል። ኮራል ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይመቸዋል።

ከድንጋዩ ጀርባ መጥፎ ሽታ አለ፣ ናይትሬትም አይወርድም

ምርመራው ቀላል ነው። መርፌው የወጣለት ትልቅ ሲሪንጅ በገንዳው ውሃ ሞልተው በድንጋዮቹ መሐል አጥብቀው ይግፉ። ቡናማ ደመና ቡልቅ ብሎ ወጥቶ የፊተኛውን መስታወት ከጋረደው፣ ምግብና ዓይነ ምድር እዚያ ተጠራቅሞ እየበሰበሰ ነው። የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ካለ ደግሞ አየር ያጣ ኪስ ተፈጥሯል፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ለዓሣ መርዝ ስለሆነ ያን ክምር በአንድ ጊዜ አይገልብጡት። በየጥቂት ቀኑ ትንሽ ትንሽ እያነሱ፣ ዝቃጩን በቱቦ እየሳቡ፣ የወጣውን ያህል አዲስ የተዘጋጀ የጨው ውሃ ይተኩ።

መነሻው ድንጋዩን የኋላ መስታወት ላይ ማስደገፍ ነው። አዲስ ገንዳ ሲደራጅ ከፊት የሚታየው ብቻ ስለሚታሰብ እንደ ግድግዳ ይካባል። ይህን ማፍረስ ያሳዝናል፤ ግን ይፍረስ። በምትኩ መጠናቸው የማይመጣጠን ሁለት ጉብታዎች ይሥሩ፤ አንዱ ሰፊና ዝቅ ያለ፣ ሌላው ጠበብና ከፍ ያለ፣ በመካከላቸው አሸዋ የሚታይበት መተላለፊያ ያለው። በሁሉም ጎን ከመስታወቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቁ፤ የማጽጃ ማግኔት ማለፍ ከቻለ ውሃም ያልፋል። ከታች በሦስት እግር ብቻ የቆመ ድንጋይ መሬቱን ሙሉ ከነካው ይሻላል። ሲጨርሱ ጥቂት የዓሣ ምግብ በፓምፑ ፊት ይልቀቁና በዓይንዎ ይከተሉት፤ ፍርፋሪው የሚያርፍበት ቦታ ነገ ዝቃጭ የሚከማችበት ነው።

ክምሩ ተንሸራተተ

አሸዋው ቀድሞ ገብቶ ድንጋዩ በላዩ ተቀምጧል። ጎቢ የሚባሉት ዓሦችና አንዳንድ ሽሪምፖች ጉድጓድ ሲቆፍሩ መሠረቱ ይናዳል፤ መስታወትም ሊሰነጠቅ ይችላል። ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ ድንጋይ፣ ቀጥሎ አሸዋ ነው። መሠረቱ የታችኛውን መስታወት እንዳይጭር ቀጭን የፕላስቲክ ንጣፍ ያድርጉለት። መጋጠሚያዎቹን ለአኳሪየም በተሠራ ኢፖክሲ ሙጫ ወይም በዝልግልግ ሱፐር ግሉ ያያይዙ። ውሃ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱን ድንጋይ በእጅዎ ይነቅንቁት፤ ትንሽም ከተወዛወዘ እንደገና ይቀመጥ።

ድንጋዩ ከገባ በኋላ አሞኒያ ተነሳ

ሕያው ድንጋይ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው። በመንገድ ላይ የሞቱት ስፖንጅና ትናንሽ ፍጥረታት ውሃ ሲያገኙ ይበሰብሳሉ። ዓሣ ካለበት ገንዳ ውስጥ በቀጥታ ማስገባት ዓሣውን መግደል ነው። ሕያው ድንጋዩን ማሞቂያና ፓምፕ ባለው በርሜል ውስጥ፣ በጨለማ፣ በጨው ውሃ ያቆዩት፤ የሞተውን በብሩሽ እያጸዱ ውሃውን ይቀይሩ። አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም ዜሮ እስኪሆኑ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። በተጨማሪም ሕያው ድንጋይ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚገዛው የሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ስለሆነ ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፍም። ለጀማሪ ደረቅ ድንጋይ ገዝቶ ባክቴሪያ ጨምሮ በትዕግሥት ማልማት ይሻላል ባይ ነኝ።

ጨውም ይጠየቅ። የአፍዴራ ጨውም ሆነ አዮዲን ያለው የገበታ ጨው ለዚህ አይሆንም፤ ለኮራል የሚያስፈልገው የካልሲየም፣ የማግኒዥየምና የሌሎች ማዕድናት ምጣኔ የለውም። ለባሕር አኳሪየም የተዘጋጀ ጨው በ35 ግራም በሊትር ገደማ ተለክቶ ይግባ።

ከጀማ ሸለቆ የመጣው ድንጋይ ይሟሟል

በጀማ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ አለ፤ ጂፕሰምም እንዲሁ። ሁለቱም ነጣ ያሉ ስለሆኑ በዓይን ይምታታሉ። በጥፍርዎ ይጫሩት፤ ከተጫረ ጂፕሰም ነው፣ አያስገቡት። ውሃ ውስጥ ቀስ እያለ ይሟሟል፤ ከሥር ከተደረገ ሌላውን ይዞ ይወድቃል። ጥፍር ካልበገረው ጥቂት ፍቀው ዱቄቱ ላይ አቼቶ ጠብ ያድርጉ፤ አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ ነው። ይህም ቢሆን ድፍን ስለሆነ ባክቴሪያ የሚያድርበት ቀዳዳ የለውም፤ ለመሠረት ይሁን እንጂ ዋናውን ሥራ አይጣሉበት። የደጋው ጥቁር ድንጋይም ከባድና ድፍን ነው፤ ለቤት ይተውለት።

ነጩ ድንጋይ ቡናማ ሆነ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሆነ ዲያቶም የሚባለው አልጌ ነው፤ ምግቡ ሲያልቅ ይጠፋል። ድንጋዩን አውጥቶ መቀቀል ያለሙትን ባክቴሪያ መጨረስ ነው፣ እንፋሎቱም ለሰው አደገኛ ሊሆን ይችላል። ቀይ፣ እንደ ቆዳ የሚላጥ ሽፋን ከመጣ ግን ሳያኖባክቴሪያ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚነጠፈው ፍሰት ባጣው ጥግ ነው። በቱቦ ስበው ያውጡ፣ ምግብ ይቀንሱ፣ ፓምፑንም ወደዚያ ያዙሩት።

ድንጋዩ ላይ ቡናማ፣ አበባ የሚመስል ነገር በቀለ

አይፕቴዢያ የሚባል የባሕር እንስሳ ነው፤ ከኮራል ጋር ተጣብቆ ይመጣል፣ ጎረቤቱንም ይለበልባል። በቢላ አይፋቁት፤ የቀረው ቁራጭ ሁሉ አዲስ ሆኖ ይበቅላል። ትንሽ ድንጋይ ላይ ከሆነ ድንጋዩን ያውጡት። ካልሆነ ፓምፖቹን አጥፍተው ንጹሕ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ በጥቂት ውሃ እንደ ሊጥ አቡክተው በሲሪንጅ የአይፕቴዢያው አፍ ላይ ይሙሉበት፤ የግንባታ ኖራ አይጠቀሙ። የውሃውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ስለሚያሻቅብ በአንድ ቀን ከሁለት ወይም ከሦስት በላይ አይንኩ፤ ሊጡ ከጠነከረ በኋላ ስበው አውጥተው ፓምፖቹን መልሰው ያብሩ።