ሐይቅን በወረዳ መሸንሸንና ሌሎች የጋራ ጥበቃ ስህተቶች

ተጎራባች ወረዳዎች፣ ዞኖች ወይም ክልሎች አንድን ሐይቅ፣ ደን ወይም የሣር ምድር በጋራ እንጠብቅ ብለው ሲነሡ የሚሠሯቸው ስህተቶች ከቦታ ቦታ እምብዛም አይለያዩም። አብዛኛውን ምሳሌ ከጣና ዙሪያ አመጣለሁ፤ የጋራ ኮሚቴ ሲቋቋም፣ ሲበተንና በሌላ ስም ተመልሶ ሲቋቋም ደጋግሜ ያየሁት እዚያ ነው። የምጽፈው በተለይ አዲስ ተመድበው ለሚመጡ ወጣት ባለሙያዎች ነው። የችግኝ ጉድጓድ ጥልቀት ምን ያህል እንደሆነ ተምራችሁ መጥታችኋል፤ እሱን አልደግምላችሁም።

«እያንዳንዱ የራሱን ዳር ያጽዳ»

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። እምቦጭ ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ነው። አረሙ ተንሳፋፊ ነው፤ ነፋስ ወደ ወሰደው ይሄዳል። በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ደንቢያ፣ ጎንደር ዙሪያ፣ ሊቦ ከምከም፣ ፎገራና ደራ በአንድ ውሃ ዳር ተደርድረዋል። እንግዲህ ይህን ተንሳፋፊ አረም በወረዳ ኮታ ከፋፍሎ ማደል ምን የሚሉት ዕቅድ ነው? አንዱ ወረዳ በጥቅምት ሕዝቡን ያስወጣል፤ ሰው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ እየነቀለ ዳርቻውን ያጸዳል። ጎረቤቱ ዘመቻውን ለኅዳር ቀጥሮታል። በመካከሉ ነፋሱ ይዞርና የጎረቤቱ አረም መጥቶ የጸዳው ዳር ላይ ይሰፍራል። ገበሬው የሳምንት ልፋቱ ሲሸፈን ቆሞ ያያል፤ በሚቀጥለው ዘመቻ ቢቀር ማን ይፈርድበታል?

ከዚያ ግምገማ ይጠራል። ሁለቱም ወረዳዎች «ይህን ያህል ሄክታር አጽድተናል» ይላሉ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የተጸዳው ተደምሮ ይነበባል፣ ይጨበጨባል፤ በዚያ ቀን ሐይቁ ላይ የተኛው አረም ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። እምቦጭ ምቹ ጊዜ ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም ደለል ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። እንዲህ ካለ ተክል ጋር የተሠራውን ሥራ መቁጠር ራስን ማታለል ነው። መቆጠር ያለበት የቀረው ነው፤ ያውም በወረዳ ሳይሆን በሐይቅ። የዘመቻው ቀን ለሁሉም አንድ ይሁን፤ ሥራውም ነፋስ ከሚመጣበት ወገን ይጀመር። ደግሞ የተነቀለውን ዳር ላይ ከምራችሁ አትሂዱ፤ ክረምት ውሃው ሲሞላ ክምሩን መልሶ ይወስደዋል። ይህን በየዓመቱ እናገራለሁ፣ በየዓመቱም ክምሩን እዚያው አገኘዋለሁ።

የላዩን ሰው ሳይጠሩ የታቹን መሰብሰብ

የሐይቅ ኮሚቴ ሲባል አባላቱ ሁልጊዜ ባለ ዳርቻ ወረዳዎች ናቸው። ጣናን የሚሞሉት ግን በዋናነት ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው። ጉማራና ርብ ከጉና ተራራ ይነሣሉ፤ ግልገል አባይ ከሰከላ። እምቦጩን የሚያደልበው አፈርና ማዳበሪያ በእነዚህ ወንዞች የሚወርድ ሆኖ ሳለ፣ ተዳፋት የሚያርሰው የጉና ገበሬ ስለ ጣና የሚደረግ ስብሰባ መኖሩን እንኳ አይሰማም።

የዓሣውም ነገር እንዲሁ ነው። በአካባቢው ነጭ ዓሣ የሚባለው ቤተሰብ በርካታ ዝርያ አለው፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር የትም አይገኙም። ከእነዚህ የተወሰኑት በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞቹ ሽቅብ ይወጣሉ። በዚያ ሰሞን በወንዙ አፍ መረብ የዘረጋ ሰው ዓሣውን ከነትውልዱ ነው የሚያወጣው፤ ዓሣ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ውስጥ የሚጨምርም አለ። አንዱ ወረዳ በዚህ ወቅት ማጥመድን ከልክሎ ጎረቤቱ ዝም ካለ፣ እገዳው የዓሣውን መሸጫ ገበያ ቀየረ እንጂ ዓሣውን አላዳነም።

ይህ የጣና ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ ወደ ስምጥ ሸለቆ ውረዱ። የአብጃታ ሻላ ፓርክ ሁለት ሐይቆችን በአንድ ይዟል። ፔሊካኖቹ ሻላ ደሴት ላይ ይፈለፍሉ፣ ምግባቸውን ግን ከአብጃታ ያጠምዱ ነበር። የአብጃታ ውሃ ደግሞ ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ ይመጣል። ላይ መስኖው ሲስፋፋ፣ ታች ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ውሃው ሲቀዳ ሐይቁ ሸሸ፣ ጨዋማነቱ በረታ፣ ዓሣውም ጠፋ። ፓርኩ ወሰኑን ቢያጥር ኖሮ እንኳ በቡልቡላ በኩል የሚቀረውን ውሃ በአጥር አያመጣውም።

ስብሰባን በአስተዳደር ካርታ መክፈት

የወረዳ ወሰን የተሰመረበት ካርታ ግድግዳ ላይ ከወጣ በኋላ ስለ ረግረጉ የሚያወራ ሰው አይገኝም። «ያ ቀበሌ የእኛ ነው» የሚል ይነሣል፤ ሌላው ከአያቱ ዘመን ጀምሮ ይመልስለታል። ጠዋት የተጀመረ የወሰን ክርክር ምሳ ተሻግሮ፣ ስለ ውሃው አንድ ቃል ሳይነገር ሁሉም አበሉን ፈርሞ ሲሄድ አይቻለሁ። ካርታውን ያመጣው ልጅ ገና የተመረቀ ቅን ባለሙያ ነበር፤ ምን እንዳጠፋ እስከ ማታ አልገባውም። ወንዙን፣ ተራራውን፣ የከብት መንገዱንና ገበያውን ብቻ ያሳየ ንድፍ ይበቃችኋል። ቃለ ጉባኤው ላይ ደግሞ «ይህ ስምምነት በወሰን ጥያቄ ለማንም ማስረጃ አይሆንም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አስገቡ። ብዙ አስተዳዳሪ እስክሪብቶውን የሚያነሣው እሱን ካነበበ በኋላ ነው።

የሚከስረውን ሰው አለመቁጠር

በጣና ዙሪያ ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠው መሬት ባሕር ሸሽ ይባላል፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ የሚዘራበት ሰው አለው። ደንገል አጭዶ ታንኳ የሚሠራም አለ። ዳርቻው ይከለል የሚል ውሳኔ በከተማ አዳራሽ ሲወሰን እነዚህ ሰዎች የሉም። ውሳኔውን የሚሰሙት ጥበቃ ሲያባርራቸው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሌሊት ይመጣሉ።

ጓሳ የሚባለውን የመንዝ የሣር ምድር እዩ። የአስቦና የጌራ ወገኖች ቄሮ በሚባለው ሥርዓት የጋራ ሣራቸውን ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ጠብቀውታል ይባላል። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይሆናል፤ ለዓመታት ይዘጋና ሲደርስ ይከፈታል። ጠባቂውና አጫጁ አንድ ሰው ስለሆነ ሕጉ ይከበራል። ሥርዓቱን ያፈረሰው በ1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ነው፤ የባለ ርስቶቹ ሥልጣን ሲሻር የሣሩ ሕግ አብሮ ተሻረ። በኋላ ነዋሪዎቹ ቀበሌዎቹን ሁሉ ያካተተ ምክር ቤት መሥርተው ሥርዓቱን በአዲስ መልክ አቁመውታል። ዛሬም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እዚያ አሉ። የውጭ ጥናት ከመጥቀሳችሁ በፊት ሄዳችሁ እነዚያን ሽማግሌዎች አነጋግሩ። የማታ ብርዱን አትናቁት፣ ጋቢ ያዙ።

በአጭሩ የማልፋቸው

ረግረግ ላይ ባሕር ዛፍ ተክሎ አረንጓዴ ሽፋን ጨመረ ብሎ ሪፖርት ማድረግ። ይህን ላብራራ አልፈልግም።

ምዝገባን እንደ ጥበቃ መቁጠር። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል፤ እምቦጩ ግን የምስክር ወረቀቱን አላነበበም።

የመግባቢያ ሰነዱ ላይ ገንዘቡን ማን፣ በየትኛው ወር፣ ከየትኛው በጀት እንደሚያወጣ ሳይጽፉ መፈረም።

ስብሰባን በዘርና በአጨዳ ሰሞን መጥራት፤ ከዚያም «ሕብረተሰቡ ፍላጎት የለውም» ብሎ መጻፍ።

ከብቱን ወደ ማዶ ነድቶ ማረፍ

የአገር ድንበር ሲኖር ነገሩ ይከብዳል። ቋራ ያለው አላጥሽ ፓርክ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ይዋሰናል፤ በጋምቤላ በኩል ነጭ ጆሮ ቆርኬ ወደ ደቡብ ሱዳን ይመላለሳል። አርብቶ አደሩም እንዲሁ ይሻገራል። አንዱ ወገን ከብቱን ሲያባርር ከብቱ አይጠፋም፤ ማዶ ሄዶ ይግጣል፣ ሲያባርሩት ይመለሳል። የሁለቱ ፓርክ ጠባቂዎች የሚተዋወቁበትና ስልክ የሚደዋወሉበት መንገድ ሳይኖር በሚኒስትሮች ደረጃ የሚፈረም ሰነድ እታች ያለውን ጠባቂ አይረዳውም። ስለ ከብት መንገዱና ስለ ውሃ መጠጫው ጠባቂዎቹ ከአርብቶ አደሩ አለቆች ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ።

በየስብሰባው አዲስ ተወካይ መላክ

ባለፈው የመጣው ተዛውሯል፤ ዛሬ የመጣው «አጀንዳውን አሁን ነው ያየሁት» ይላል፤ ኮሚቴው እንደገና ከመተዋወቅ ይጀምራል። እያንዳንዱ ወረዳ አንድ ተወካይና አንድ ምክትል በስም ይመድብ፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ እንዳይዛወሩም ደብዳቤው ላይ ይጻፍ። የቃለ ጉባኤው ቅጂ በየወረዳው መዝገብ ቤት ይግባ፤ በአንድ ባለሙያ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ የተቀመጠው ከባለሙያው ጋር ይዛወራል።