አሮጌ ፒካፕ ኤሌትሪኩ ሲደክም፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዳማ ውስጥ አሮጌ ፒካፕ የሚያሽከረክር ሰው ይህን ያውቀዋል። ቁልፍ ያዞራሉ፣ ዳሽቦርዱ ብልጭ ብሎ ድርግም ይላል። ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) አንዴ "ቀጭ" ይላል፤ ከዚያ ጭጭ። ዙሪያዎን የቆመው ሁሉ "ባትሪው ሞቷል" ይልዎታል።

ሳይለኩ ባትሪ መግዛት። ኪስ የሚጎዳው ስህተት ይህ ነው። እኔም ሠርቼዋለሁ። ከመቂ ሽንኩርት ጭኜ መጥቼ ፍራንኮ አካባቢ አቆምኩ። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ሃይሉክሴ አልነሳም አለ። በማግስቱ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። በአምስተኛው ቀን ያው ነገር ተደገመ። አሮጌው ባትሪ ለካ ምንም አልነበረበትም።

ቴስተር (የኤሌትሪክ መለኪያ) ዋጋው ከባትሪ ጋር አይወዳደርም፤ አንድ ይኑርዎት። መኪናው ካደረ በኋላ፣ ሞተር ሳይነሳ ባትሪውን ይለኩ። 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ የቀረው ግማሽ ያህል ነው። ሞተር ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.4 ካሳየ ዲናሞው (ሞተር ሲሠራ ባትሪ የሚሞላው) እየሞላ ነው። ከፍ ካላለ ግን ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጊያ ላልቶ ወይም የዲናሞው ካርቦን አልቆ ሊሆን ይችላል።

ሞተሪኖው ሳይሠራ ብቻ ለክቶ "ደህና ነው" ማለት። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ቮልት አለ ማለት ጉልበት አለ ማለት አይደለም። ወፍራሙ ገመድ ውስጡ ተበልቶ ጥቂት የመዳብ ክር ብቻ ቢቀረው እንኳ ቴስተሩ 12 ቮልት ያሳያል። ቴስተር የሚወስደው ኤሌትሪክ እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ አንድ ክር ይበቃዋል። ሞተሪኖ ግን በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይፈልጋል። ያኔ ያቺ ክር አትችልም።

የእኔን መኪና ያዳኑት አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌትሪክ ባለሙያ ናቸው። "ልጄ፣ ባትሪህ ምን አደረገህ?" አሉና የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አሳረፉ። ማርሽ ዜሮ አድርጌ፣ የእጅ ፍሬን ይዤ ቁልፉን አዞርኩ። በገመዱ ላይ የሚባክነው ከ0.5 ቮልት መብለጥ አልነበረበትም። 2 ቮልት ገደማ አሳየ። የኔጌቲቩን ገመድ ፕላስቲክ ሲሰነጥቁት መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ፣ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ዲናሞውም ባትሪውን የሚሞላው በዚያው መንገድ ነው። ስለዚህ አዲሱ ባትሪም በአግባቡ ሳይሞላ ከርሟል። የተለወጠው አንድ ገመድ ብቻ ነው። ያን ቀን የተሰማኝን እፎይታ አልረሳውም።

ስለዚህ ኔጌቲቩን አይናቁት። ከባትሪ ወደ ሞተር፣ ከሞተር ወደ ሻንሲ፣ ከሻንሲ ወደ ቦዲ ያለውን ሁሉ ፈትተው ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ይጥረጉ። ሲፈቱ ኔጌቲቭ ይቅደም፣ ሲያስሩ ኔጌቲቭ ይከተል። አለበለዚያ የሚፈቱበት መፍቻ ከፖዘቲቭ ወደ ቦዲ ሲነካ እሳት ይረጫል።

የቧንቧ ውሃ መጨመር። በአዳማ ሙቀት የባትሪ ውሃ ቶሎ ይቀንሳል። ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ይጨምሩ።

ሞተር እየሠራ የባትሪ ገመድ መንቀል። "ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው" የሚሉት ምርመራ ነው። እባክዎ አይፍቀዱ። ባትሪው ድንገት ሲለይ ቮልቱ ይዘልና የዲናሞውን ዳዮድ ወይም ሬዲዮውን ሊያቃጥል ይችላል። ደግሞም ባለ ናፍጣ መኪና ዲናሞው ሞቶም መሥራቱን ሊቀጥል ስለሚችል ምርመራው ራሱ ያታልላል።

የተቃጠለ ፊውዝ ላይ የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት መጠቅለል። ፊውዝ የሚቃጠለው ገመዱ እንዳይቃጠል ነው። በ15 ምትክ 30 አምፔር መክተትም ያው ነው። መንስኤው ሳይገኝ እንዲህ ከተደረገ መኪናው ራሱ ሊነድ ይችላል። ክላክስም መብራትም፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ከጠፋ ግን ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ያለውን ዋና ፊውዝ ይፈልጉ። በአሮጌ መኪኖች ብዙውን ጊዜ አጭር ገመድ ነው የሚመስለው። ላዩ ደህና ሆኖ ውስጡ ሊቀልጥ ይችላል፤ ቀስ ብለው ሲስቡት እንደ ላስቲክ ከተለጠጠ አልቋል።

በኋላ የተገጠመውን መርሳት። ባትሪው ሌሊት ሌሊት የሚያልቅ ከሆነ ሬዲዮና አላርም መጀመሪያ ይጠርጠሩ። ብዙዎቹ በቀጥታ ከባትሪ ነው የሚቀጠሉት። ሁሉንም አጥፍተው፣ በሮቹን ዘግተው የኔጌቲቩን ገመድ ይፍቱ። ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርገው በገመዱና በባትሪው ራስ መካከል ያስገቡ። ከ50 ሚሊአምፔር ከበለጠ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ ሲነቀል ቁጥሩን የሚያወርደው ፊውዝ መስመሩን ይነግርዎታል። በፊውዝ ያላለፈ ቅጥያ ካለ ግን ገመዱን በእጅ መከተል የግድ ነው። ቴስተሩ በመሃል እያለ ሞተር ለማስነሳት እንዳይሞክሩ፤ ያቃጥሉታል።